ከፈቃዱ ወረቀት በፊት

ሻንቶ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። በገበያ ቀን ምርቱን ይዞ የሚመጣው ገበሬ፣ ጭነት ሲያወርድ የሚውለው ወዛደርና ከቤቱ ርቆ የሚያድረው መንገደኛ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሲዘጋጅ ያላዩትን ምግብ ከፍለው ይበላሉ። ሠርቶ አደሩ ከጉልበቱ በቀር ሀብት የለውም። ምግብ ቤት ሲገባ ይህንኑ ሀብቱን ለማያውቀው እጅ አደራ ይሰጣል። ታዲያ የአደራው ዋስ ማን ነው?

አንዱ ዋስ ሕግ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንም ሰው የጸና ፈቃድ ሳይኖረው እንዳይነግድ ይከለክላል፤ የብቃት ማረጋገጫ በሚጠየቅበት የሥራ መስክም ፈቃዱ ማረጋገጫውን ይከተላል። ይህን ከንቱ ውጣ ውረድ አድርገው የሚያዩ አሉ። «ጤነኛ ሆኜ ሳለ ምን ያስመረምረኛል? ወጥ መሥራትንስ ማን ያስተምረኛል?» ይላሉ።

መልሱን ታሪክ ይሰጣል። በኒውዮርክ ሜሪ ማሎን የምትባል ምግብ አብሳይ ነበረች። ራሷ ሳትታመም የታይፎይድን ተህዋስ ተሸክማ በሠራችባቸው አብዛኞቹ ቤቶች በሽታውን አዛምታለች። እ.ኤ.አ. በ1907 ተይዛ በ1910 ዳግመኛ ምግብ እንዳታበስል ቃል አስገብተው ለቀቋት። የልብስ አጣቢነቱ ገቢ ግን ከቀድሞው ያነሰ ነበር። ስሟን ለውጣ ወደ ማእድ ቤት ተመለሰች፤ በ1915 በአንድ ሆስፒታል 25 ሰዎች ታመሙ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ መልክ የጤና ማረጋገጫ አይደለም። ሁለተኛ፣ የእንጀራን መንገድ ሳያመቻቹ መከልከል ጥፋቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ወደ ወላይታ ማዕድ እንመለስ። ጥሬ ሥጋ በዳጣ የአካባቢው ኩራት ነው። ሆኖም የዳጣ ማቃጠል የኮሶ ትልን አይገድልም፤ ሥጋው አስቀድሞ በመርማሪ ሊታይ ይገባል። ጥሬ ሥጋ የቆረጠ ቢላዋ ሳይታጠብ አትክልት መክተፍ የለበትም። የበሰለ ምግብም ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ መቆየት ይኖርበታል። ይህ ሁሉ በሥልጠና እንጂ በወረቀት አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ አለ። ገንዘብ ያለው ነጋዴ የፈቃዱን ደረጃዎች በቀላሉ ይወጣቸዋል። ወጥ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ግን ሥልጠናው ከራቃትና ከከበዳት በጓሮ ተደብቃ ታበስላለች። ስለሆነም ሥልጠናው በወላይትኛ፣ ከገበያ ቀን ውጭ፣ በአቅሟ ሊሰጥ ይገባል።

የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሆይ! ምግብ ቤት ስትገቡ ፈቃዱን ጠይቁ፤ የእጅ መታጠቢያውን ተመልከቱ። ጎረቤታችሁ ሠልጥና ፈቃድ እንድታወጣም በእድሩና በስብሰባው ደግፏት። ቁጥጥር ያለ ድጋፍ ቅጣት ብቻ ነው፤ ድጋፍም ያለ ቁጥጥር ቸልተኝነት ነው። የሠርቶ አደሩ ጤና የሁለቱንም አንድነት ይጠይቃል።