እምቧጮ፦ የድንጋያማ ተዳፋት ቁጥቋጦ

እምቧጮ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በደረቅና ድንጋያማ ተዳፋቶች፣ በመንገድ ዳርና ልቅ ግጦሽ ባራቆተው መሬት ላይ የሚበቅል፣ ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሩሜክስ ነርቮሰስ ሲሆን፣ በትግርኛ ሕሖት፣ በኦሮምኛ ዸንገጎ ይባላል። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወደ ፉሪ ተራራ አቅጣጫ ያለው አፈሩ የሳሳ፣ ድንጋዩ የገጠጠ ተዳፋት የሚስማማው ዓይነት ቦታ ነው።

ተክሉ የሚመደበው ፖሊጎናሴ በተባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህ ቤተሰብ በዓለም ዙሪያ 1,200 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ባክዊት የተባለው የምሥራቅ እስያ እህልም አባሉ ነው። ባክዊት በዱቄትነቱ ከስንዴ ጋር ቢነጻጸርም የሣር ወገን አይደለም፤ ዝምድናው ከእምቧጮ ጋር ነው። ኢትዮጵያውያን በቅርብ የሚያውቋቸው የእምቧጮ ዘመዶች ግን መቅመቆና ቱልት ናቸው። የመቅመቆ ሥር ቅቤ ሲነጠር ቢጫ ቀለም እንዲሰጥ ይጨመራል፤ የቱልት ሥር ደግሞ ለሆድ ቁርጠት ይታኘካል።

እምቧጮ ከሥሩ ጀምሮ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቁመቱ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ለጋው ግንድ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ በቁመቱ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ቅጠሉ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ፣ ጠርዙ ያልተሰነጣጠቀ፣ ሲነኩት ወፈር የሚል ነው። ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበት አንጓ በቅርብ ሲታይ ግንዱን እንደ እጅጌ የሚያቅፍ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ቶሎ ደርቆ ይቀደዳል፤ ስለዚህ የሚገኘው በለጋው ጫፍ ላይ ነው። አብዛኞቹ የፖሊጎናሴ ተክሎች በዚህ ምልክት ይታወቃሉ።

አበቦቹ ጥቃቅን ናቸው፤ በቅርንጫፉ ጫፍ ቅጠል በሌለው ዘለላ ላይ ተሰብስበው ይወጣሉ። እያንዳንዱ አበባ በሁለት ዙር የተደረደሩ 6 ቅጠልማ ክፍሎች አሉት። ጽጌ ብናኙን የሚያጓጉዘው ነፋስ ስለሆነ ተክሉ ነፍሳትን የሚስብ ደማቅ ቀለም አያስፈልገውም። ቀለሙ የሚመጣው አበባው ወደ ፍሬ ሲለወጥ ነው። ያን ጊዜ የውስጠኛው ዙር 3 ክፍሎች እየሰፉ ሮዝ ወይም ቀይ፣ ስስ ክንፎች ይሆናሉ። አንዱ ፍሬ በጣት ተፈልፍሎ ሲታይ በ3ቱ ክንፎች መካከል ባለሦስት ማዕዘን ትንሽ ጠንካራ ፍሬ ይገኛል፤ የባክዊት ፍሬም ባለሦስት ማዕዘን ነው። ክንፎቹ ፍሬውን ለነፋስ አሳልፈው ስለሚሰጡት ዘሩ ከእናት ተክሉ ርቆ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል።

በሰሜን አሜሪካ «የዱር ባክዊት» የሚባለው ኤሪዮጎነም የተሰኘው የዚሁ ቤተሰብ ወገን 250 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ ብዙዎቹ በደረቅና ድንጋያማ ምድር ይበቅላሉ። ከእምቧጮ ጋር በመኖሪያ ቢመሳሰልም በአካል ይለያል። ኤሪዮጎነም የአንጓ ሽፋን የለውም፤ ወንዴ ዘንጎቹ 9 ሲሆኑ የእምቧጮ 6 ናቸው። የኤሪዮጎነም አበቦች ንብና ሌሎች ነፍሳትን ይመግባሉ። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ቤተሰብ ወጥተው የደረቅ ምድርን ኑሮ በየራሳቸው መንገድ ተላምደውታል።

ለእጽዋት ሳይንስ እምቧጮን በዛሬው ስሙ ያስተዋወቀው የእጽዋት ተመራማሪው ማርቲን ቫል ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1790 ነው። ተክሉ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ይበቅላል።

እረኞችና ልጆች ለጋውን ግንድ ልጠው ያኝኩታል፤ ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣነቱ ከዘመዶቹ ጋር የሚጋራው የኦክሳሊክ አሲድ ውጤት ነው። በጥቂቱ ማኘክ የተለመደ ቢሆንም፣ በዚህ አሲድ የበለጸጉ ተክሎችን አብዝቶ መመገብ በተለይ የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው አይመከርም። በባህል ሕክምና ቅጠሉ ለቁስልና ለቆዳ ሕመም ይውላል። ደረቅ ቅርንጫፉም ይማገዳል።

የእምቧጮ መብዛት ስለ መሬቱ ታሪክ ይናገራል። ደን ተመንጥሮ፣ አፈር ታጥቦ፣ ግጦሽ በርክቶ ባለፈበት ተዳፋት ቀድመው ከሚሰፍሩት ቁጥቋጦዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የተራቆተ መሬት ምልክት ተደርጎ ቢታይም መራቆቱን ያመጣው እሱ አይደለም። ቅርንጫፎቹ የዝናቡን ምት ያበርዳሉ፣ ሥሮቹ የቀረውን አፈር ይይዛሉ፣ የሚረግፈው ቅጠልም ድንጋዩ መካከል ይበሰብሳል። ተዳፋትን መልሶ ለማልማት ሲታሰብ እንዲህ ያለውን ቁጥቋጦ እንደ አረም ነቅሎ መጀመር ጎርፉን ማገዝ ነው። እርከን እየሠሩ፣ ልቅ ግጦሽን እየከለከሉ፣ አገር በቀል ችግኞችን በቁጥቋጦዎቹ መካከል መትከል አፈሩንም ችግኙንም ይጠብቃል።