እየተከፈተ የሚታደሰው ግዙፍ ዲቴክተር

ሲኤምኤስ የተሰኘው የቅንጣት ዲቴክተር በፈረንሳይ ከጄኔቫ ብዙ በማትርቅ ሴሲ በተባለች መንደር ሥር፣ 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተቀምጧል። የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል የሆነው የሰርን ታላቁ የሃድሮን ማጋጫ የሚያጋጫቸውን ፕሮቶኖች ግጭት ይመረምራል። ቁመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱ 14,000 ቶን ነው። አትላስ የተባለው አቻው በቁመትም በርዝመትም እጅግ ቢበልጠውም በክብደት ግማሹን ብቻ ያህላል።

ይህን ሁሉ ክብደት ያመጣው ማግኔቱ ነው። በመሐሉ 6 ሜትር ስፋትና 12.5 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል አለ። የኒዮቢየምና የታይታኒየም ሽቦው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ያሳልፋል፤ 3.8 ቴስላ የሚደርስ መግነጢሳዊ መስክም ይፈጥራል። ይኸው መስክ የቅንጣቶችን መንገድ ሲያጎብጥ ጥቅሉንም ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ግፊቱ ከአየር ግፊት 60 እጥፍ ገደማ ይበረታል። ለዚህም ሽቦው ራሱ በጠንካራ የአልሙኒየም ቅይጥ ተጠናክሮ ሸክሙን እንዲችል ተደረገ። ዙሪያውን ያለው 12 ጎን የብረት አካል መስኩን ይመልሳል፤ መላውን መሣሪያም ይሸከማል። ከአምስቱ የብረት ቀለበቶች የማይነቃነቀው የመሐለኛው ብቻ ነው፤ ጥቅሉና በውስጡ ያለው ሁሉ ያረፈው በእርሱ ላይ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ ያለ ማንኛውም ትርፍ ቁስ ቅንጣቶችን ከመንገዳቸው ስለሚያስት፣ 200 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት የሲሊከን ዳሳሾች በቀላል የካርቦን ፋይበር ላይ ተዘርግተዋል። ቀጥለው 75,848 ክሪስታሎች ይመጣሉ፤ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ከብረት ግን ይከብዳሉ። ከእነርሱ ኋላ ላለው የናስ ንብርብር የሚሆን ናስ ደግሞ በከፊል የተገኘው ከሩሲያ ባሕር ኃይል አሮጌ የመድፍ ጥይት ቀፎዎች ነው።

ከሁሉ ብልሃት የታየበት ግን አገጣጠሙ ነው። ዲቴክተሩ የሚቀመጥበት ዋሻ ቁፋሮ ቀላል አልነበረም። ቦታው ላይ የሮማውያን ዘመን ቤት ፍርስራሽ ተገኘ፤ የከርሰ ምድር ውኃም ስላስቸገረ አፈሩን በረዶ አድርጎ መቆፈር ግድ ሆነ። ዲቴክተሩ ግን መሬት ላይ በ15 ክፍሎች ይገጣጠም ስለነበር ሥራው አልቆመም። 1,920 ቶን የሚመዝነው የመሐለኛው ክፍል የካቲት 2007 (እ.ኤ.አ.) በኬብል ተንጠልጥሎ ወረደ፤ ከጉድጓዱ ግድግዳ የነበረው ክፍተት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። የመጨረሻው ክፍል በጥር 2008 ተከተለ።

የተቆራረጠው አሠራር ጥቅሙ ዛሬም አልቀረም። ለጥገና በሚቆምበት ጊዜ ከባዶቹ ቀለበቶች በአየር ትራስ ተነሥተው ይገፋሉ፤ መሣሪያው ይከፈታል። በ2017 ለግጭቱ ቅርብ የሆነው የሲሊከን ክፍል በአዲስ የተተካው በዚሁ መንገድ ነው። የግጭቶቹ ብዛት በሚጨምርበት ቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ የሁለቱ ጫፎች ክሪስታሎች ሙሉ በሙሉ ይነሣሉ፤ ማግኔቱና ብረቱ ግን ባሉበት ይቀጥላሉ።