የአደን ጠመንጃ ዋጋውና ዒላማው

በቢዮ አዋሌ ኮረብታ ላይ ቆመን ማዶ ያለውን ተዳፋት ስንመለከት ርቀቱ 150 ሜትር ይሁን 200 በዓይን መለየት ያስቸግረናል። አዳኝ ግን መወሰን አለበት። «የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?» ለሚለው የቆየ ክርክር መልሱን የምንፈልገው ከዚህችው የ50 ሜትር ስሕተት ውስጥ ነው።

ክርክሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከቢዮ አዋሌ ጋር ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር የምትገኘው ጀልዴሳ በ19ኛው መቶ ዘመን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዙ ቅፍለቶች ማረፊያ ነበረች። በሐረር የነገደው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርቱር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1885 ከታጁራ በጻፈው ደብዳቤ፣ በቤልጅግ ከተማ በሊዬዥ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣ አሮጌ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ገልጿል። መንገዱ ዋጋውን አምስት እጥፍ አደረገው እንጂ አፈሙዙን አላሻሻለውም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ውጅግራ (ስሙ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት የመጣ ነው) እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ሲሆን፣ 11 ሚሊ ሜትር እርሳሱን በጥቁር ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ካስገኘ ወዲህ ፍጥነቱ እያደገ ሄዶ፣ ዛሬ ብዙ የአደን ጠመንጃዎች 850 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ሁለቱንም ለ150 ሜትር አነጣጥረናቸው እንስሳው 200 ሜትር ላይ ቢገኝ፣ የአየሩን ግጭት ሳንቆጥር፣ የውጅግራው ጥይት ካለምነው ነጥብ 24 ሴንቲ ሜትር፣ የዛሬው ግን 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከአንድ ስንዝር ብዙም ስለማይበልጥ፣ የመጀመሪያው ጥይት እግር ይሰብራል ወይም ጨርሶ ይስታል። እግሩ የተሰበረው እንስሳ ጫካ ገብቶ በቀናት ሥቃይ ይሞታል፤ የአደን ፈቃድ ያለው ሰውም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም።

ተመሳሳይ ጥይት በሚተኩሱ የዛሬ የፋብሪካ ጠመንጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ውዱ በ100 ሜትር 3፣ ርካሹ 5 ሴንቲ ሜትር ቢበትን፣ ሁለቱም በስንዝሩ ውስጥ ናቸው። ይህም ልዩነት ቢሆን በትክክል ከተለካ ነው። በሦስት ጥይት ብቻ የተፈተነ ጠመንጃ በዕድል ብቻ አንድ ጊዜ 2፣ ሌላ ጊዜ 4 ሴንቲ ሜትር ሊያሳይ ይችላል። ያንኑ ጠመንጃ በ10 ጥይት ብንፈትነው ደግሞ፣ በሁለቱ በጣም በተራራቁ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ በሦስት ጥይት ከሚገኘው 1.6 እጥፍ ይሆናል። ሻጮች ለገዢ የሚያሳዩት ወረቀት ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀዳዳ ብቻ ያለው ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ገዢው አሥር ቀዳዳ ያለበትን ወረቀት ይጠይቅ፤ የሚተርፈውንም ገንዘብ ርቀት መለኪያ መሣሪያ ይግዛበት።