ጨለማ ቁስን የሚያደምጥ ክሪስታል

ከኦክላንድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወጥቶ የቴሌግራፍን ጎዳና ወደ ሰሜን የያዘ ሰው መጨረሻው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ነው። እዚያ በርናርድ ሳዱሌ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በስታንፎርድ ደግሞ ብላስ ካብሬራ፣ ሲዲኤምኤስ የተባለውን የጨለማ ቁስ ፍለጋ አስጀመሩ።

ጋላክሲዎችን የሚያስራቸው የከዋክብቱ ስበት ብቻ ቢሆን፣ በሚሽከረከሩበት ፍጥነት በተበታተኑ ነበር። ያልታየ ክብደት ይዟቸዋል፤ ጨለማ ቁስ የተባለው ይህ ነው። ከጽንፈ ዓለሙ ቁስ 85 በመቶ ያህሉ እሱ ነው፤ ብርሃን አይሰጥም፣ ብርሃንም አይጋርድም። ተስፋው፣ አንዱ ቅንጣት አልፎ አልፎ ከአቶም እምብርት ጋር ይላተም ይሆናል የሚል ነው።

ለዚያች ግጭት የተሰናዳው ትንሽ ድፎ ዳቦ የመሰለ የጀርማኒየም ወይም የሲሊከን ክሪስታል ነው፤ የአዲሶቹ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር። ክሪስታሉ ካልቀዘቀዘ የራሱ አቶሞች መንቀጥቀጥ ግጭቷን ይውጣታል፤ መርካቶ መሐል የወደቀች መርፌ እንደማትሰማ ማለት ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ አካባቢ፣ ቅዝቃዜ ከሚያበቃበት ወለል የዲግሪ ጥቂት መቶኛ ብቻ እስኪቀረው ይወርዳል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በገጹ ላይ የተለበጠው ስስ ቱንግስተን ነው። ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት ማሳለፍ በሚጀምርበት የሙቀት አፋፍ ላይ ያቆሙታል። ንዝረቱ በአሉሚኒየም ክንፎች ተሰብስቦ ሲደርሰው ከአፋፉ ይንሸራተታል፤ እጅግ ትንሽ ሙቀት ትልቅ የኤሌክትሪክ ለውጥ ይሆናል። ከንዝረቱ ጎን የተለቀቀው የኤሌክትሪክ ሙልም ይለካል። ተራ ጨረር ኤሌክትሮን ሲመታ ሙሉ ይበዛል፤ እምብርት የተመታ እንደሆነ ግን ከንዝረቱ አንጻር ያንሳል። መለያው ይኸው ነው።

ይህ መለያ ኒውትሮንን ግን አይለይም፤ እሱም እምብርት ነው የሚመታው። በስታንፎርድ 10 ሜትር ያህል ጥልቀት የነበረው ጣቢያ ከጠፈር ጨረር በሚወለዱ ኒውትሮኖች ተፈተነ። ስለዚህ ፍለጋው በሚኒሶታ ወደሚገኘው፣ ከ700 ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው ሱዳን የተባለው የማዕድን ጉድጓድ ወረደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ቡድኑ ሁለት ምልክቶች ማየቱን አስታወቀ። ዓለም ጓጓ። እነሱ ግን ተራ ጨረር ብቻውን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሊያሳይ የሚችልበት ዕድል 23 በመቶ መሆኑን አብረው ተናገሩ፤ አገኘን አላሉም። ያን መታገስ ከማሽኑ እኩል አከብረዋለሁ።

ተተኪው ሱፐር ሲዲኤምኤስ በካናዳ 2 ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች ነው። 24 ክሪስታሎቹ በአራት ማማ የተደረደሩ ሲሆን፣ ሥራውን የሚመራው በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል ሜንሎ ፓርክ ያለው የስላክ ቤተ ሙከራ ነው። የጠፈር ጨረር በጀርማኒየም ውስጥ ትሪቲየም የተባለ ራሱ ጨረር የሚያወጣ አቶም ስለሚፈጥር፣ ክሪስታሎቹ ከመሬት በላይ የቆዩበት ቀን ሁሉ ይቆጠርባቸው ነበር።