ለመጽሐፍ የሚሥል ሠዓሊ በላስታ

ሥዕላዊ ማብራሪያ፣ ማለትም ጽሑፍን አጅቦ ታሪኩን የሚያስረዳ ሥዕል፣ በላስታ አገር ከብራና መጻሕፍት ጋር አብሮ የኖረ ሙያ ነው። በላሊበላ ከተማ በምትገኘው የቤተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ጣሪያ ላይ ያሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች አስተውሎ የሚመለከት ጀማሪ ሠዓሊ፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት አለው ማለት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲታዩ፣ ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላሉ፤ አንባቢ ያልሆነ ምእመን እንኳ የታሪኩን ወገን በዚህ ይለያል።

ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር፣ የላሊበላ ከተማ በምእመናንና በእንግዶች ትሞላለች። ወጣት ሠዓሊ ሥራውን ለገዢ፣ ለአሳታሚና ለሙያ ባልደረባ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ በአካባቢው ማግኘት ይከብደዋል። ሆኖም ለቱሪስት ተብሎ በችኮላ የሚባዛ ሥዕል እጅን ያሰንፋል፤ ለአሳታሚ የሚቀርበው የሥራ ስብስብ አንድን ታሪክ በተከታታይ የሚተርኩ ጥቂት ሥዕሎችን ቢይዝ ይመረጣል። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለቀጣይ ትምህርት ዋነኛው አማራጭ ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕል ሥራን ይጠብቃል፤ ነገር ግን በትእዛዝ የተሠራ ሥዕል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ንብረት ሊሆን ስለሚችል፣ ሠዓሊው ቀብድ ከመቀበሉ በፊት መብቱን በጽሑፍ ውል ሊያስከብር ይገባዋል።