ዘንገናን ከዳሩ ማወቅ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬና በጥሊሊ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። አብዛኛው መንገደኛ ልቡ ጣና ላይ ስለሆነ ከመኪናው አይወርድም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዘንገና በአዊ ዞን በባንጃ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ደን ነው፤ ጦጣም ወፍም አለበት።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣሎ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዘንገና ግን ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ 166 ሜትር እንደሚጠልቅ ይነገራል። «ሐይቁ ሰው ይስባል» መባሉም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ዳር ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ዋና ብትችልም አይለቅህም» አሉኝ። ማስጠንቀቂያቸውን በአክብሮት ተቀበልሁ፤ ምክንያቱ ላይ ግን አልተስማማሁም። ውኃው ማንንም አይስብም። ውኃው ከሰው ቁመት ካለፈ ሦስት ሜትርም 166 ሜትርም አንድ ነው፤ ዋናተኛ የሚንሳፈፈው ከላይ ነው።

አደጋው ያለው ዳሩ ላይና ብርዱ ላይ ነው። የእሳተ ገሞራ ጎድጓድ ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ እግር መሬት እየነካ ሲሄድ ድንገት መሬቱን ያጣዋል። በላህ፣ በብር ወይም በፈጣም ወንዝ ዋና የተማረ ጎበዝ ሲደክመው ቆም ብሎ ማረፍ ለምዷል፤ እዚህ የሚቆምበት የለም። የደጋ ሌሊት ያቀዘቀዘውን ውኃ ደግሞ የቀትር ፀሐይ የምታሞቀው ከላይ ከላዩን ነው። ላብ በላብ ሆኖ ዘሎ የሚገባ ሰው ብርዱ ሲመታው ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይተነፍሳል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ የሚገባው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። የብርቱ ዋናተኛ ጉልበትም ከዚህ አያድንም።

ስለዚህ ከድንጋይ ላይ አትዝለሉ። ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ፊትና አንገታችሁን አርጥቡ፤ ትንፋሻችሁ እስኪረጋ አትራቁ። ስትዋኙ ዳሩን ተከትላችሁ እንጂ ወደ መሐል አይሁን። ማዶው ቅርብ መስሎ ይታያል፤ ብርድ ክንድን ሲያደነዝዝ ግን መንገዱ ይረዝማል። ማዶውን ማየት ለሚፈልግ የእግር ጉዞ አለለት። ብቻችሁን አትግቡ። አረቄ ቀምሶ ልብሱን የሚያወልቀውን ጓደኛችሁን ደግሞ ቢቆጣም ያዙት፤ እያጨበጨቡ የሚያደፋፍሩትን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ጀልባ ወይም ታንኳ ላይ የሚወጣ ዋና ቢችልም ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ ይቆልፍ፤ ከመቀመጫው ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጃኬት ማንንም አላዳነም።

ሰው ሲሰጥም አይተው ዘለው የሚገቡ ብዙ ጊዜ አብረው ይሰጥማሉ፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና። ስለዚህ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በረጅም ገመድ አስራችሁ ከዳር አስቀምጡ። ለሚሰጥመው ሰው ስትወረውሩለት የገመዱን ጫፍ ያዙ፤ ራሳችሁ እንዳትጎተቱም በደረታችሁ ተኝታችሁ ሳቡት።