የንጹሕ ኃይል ሽግግር ፍጥነትና የነዳጅ ፍላጎት

የንጹሕ ኃይል ሽግግር ቢፋጠን የነዳጅ ፍላጎት በምን ያህል ጊዜ ይቀንሳል? ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚፈለገው ከአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሽያጭ ነው። ይሁን እንጂ ነዳጅ የሚፈጀው ዘንድሮ የተገዛው መኪና ብቻ ሳይሆን ባለፉት ዓመታት ተገዝቶ እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ሁሉ ነው። በመሆኑም የፍላጎቱ ለውጥ ከሽያጩ ለውጥ በብዙ ዓመታት ይዘገያል።

ለዚህ ኖርዌይ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከተሸጡት አዳዲስ የመንገደኛ መኪናዎች መካከል 89 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር ከቤንዚን መኪናዎች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። ያም ሆኖ በወቅቱ ከነበሩት 2.8 ሚሊዮን ገደማ የመንገደኛ መኪናዎች ውስጥ የኤሌክትሪኮቹ ድርሻ ከሩብ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ በብዛት ቀዳሚዎቹም የናፍጣ መኪናዎች ነበሩ።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። የመኪናዎች ጠቅላላ ቁጥር ሳይለወጥ እያንዳንዱ መኪና 20 ዓመት ያገለግላል ብንል፣ በየዓመቱ የሚተካው 5 በመቶ ነው። አዲስ የሚገባው መኪና ከዛሬ ጀምሮ በሙሉ ኤሌክትሪክ ቢሆን እንኳ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ግማሹ መኪና ነዳጅ ተጠቃሚ ሆኖ ይቀራል። ሽግግሩ አዝግሞ የኤሌክትሪክ ድርሻ 100 በመቶ የሚደርሰው በ10 ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከሆነ ደግሞ፣ በዚያው ጊዜ ነዳጅ የሚጠቀመው ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። የተሽከርካሪዎች ቁጥር በሚያድግበት አገር ግን ሽግግሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፍላጎቱን ዕድገት ከመግታት አልፎ ፍላጎቱን ላይቀንሰው ይችላል።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል። አገሪቱ የተጣራ ነዳጇን በሙሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሬ ትገዛለች፤ ኤሌክትሪኳን ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል ታመነጫለች። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏም በዚህ ረገድ አሳማኝ መሠረት አለው። ሆኖም ክልከላው የሚነካው አዲስ ገቢውን እንጂ ነባሩን አይደለም፤ እንዲያውም የነባር መኪናዎችን ዋጋ በማናር የአገልግሎት ዕድሜያቸውን ሊያራዝም ይችላል። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልሱ የናፍጣ ከባድ ተሽከርካሪዎችም የራሳቸውን መፍትሔ ይሻሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከአማራጮቹ አንዱ ነው።

ስለዚህ የነዳጅ ፍላጎት ትንበያ በሽያጭ አኃዝ ላይ ብቻ ሊቆም አይገባውም። ተሽከርካሪዎች በስንት ዓመታቸው ከአገልግሎት እንደሚወጡ፣ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙና ምን ዓይነት ነዳጅ እንደሚፈጁ መለካት ያስፈልጋል። ቅነሳው ፈጥኖ ይመጣል ብሎ ማቀድ የአቅርቦት እጥረትን ሊያስከትል ይችላል፤ ፈጽሞ አይመጣም ብሎ ማቀድም ውሱኑን የውጭ ምንዛሬ ቆይቶ ሥራ በሚፈታ የነዳጅ መሠረተ ልማት ላይ ማሰር ነው።